የቅናሹ ጫማ ለማን እግር ነው?

ዝናቡ ጠንክሮ በሚጥልባቸው በሐምሌና በነሐሴ ወራት፣ በባሕር ዳር ከተማ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ ማለዳ ለሥራ የሚወጡትን እኅቶች እግር ዝቅ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አያልፍም፡፡ መንገድ የምትጠርገው እናት፣ በሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋና ድንጋይ የምታቀብለው የቀን ሠራተኛ፣ በጎርፍ የተደፈነውን ቦይ የምትከፍተው ሁሉ፣ ብዙዎቹ የተጫሙት የጎማ ቦት የወንድ ነው፡፡ በተራመዱ ቁጥር ተረከዛቸው ከውስጥ ይወጣል ይገባል፤ የቦቱ አፍ ባታቸውን እየመታ ያቆስላል፡፡ ከፊቱ ጨርቅ ይወተፍበታል፤ ካልሲ በካልሲ ላይ ይደረብበታል፡፡ ጭቃ ሲይዘው ደግሞ ጫማው እዚያው ተተክሎ ቀርቶ እግር ብቻውን ይወጣል፡፡ ይህን ያየ መንገደኛ ይሥቃል፤ ለባለቤቲቱ ግን የሚያሥቅ ነገር የለውም፡፡

ገበያው የሴት ጫማ ሞልቶት ሳለ ስለ ምን የልኳን አትገዛም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፡፡ መልሱ ያለው ከዋጋው ላይ ነው፡፡ የሥራ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጓንትና ቱታ ወደ ሠራተኛው ቤት ብዙ ጊዜ የሚደርሱት በሙሉ ዋጋ ከሱቅ ተገዝተው አይደለም፡፡ ወይ ከመሥሪያ ቤት ይታደላሉ፣ ወይ ከደመወዝ በሚቆረጥ ዱቤ በማኅበር በኩል ይመጣሉ፣ ወይም በበዓል ሰሞን በባዛር በቅናሽ ይገኛሉ፡፡ በዚህ መንገድ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ በጅምላ የሚገዛ ነው፡፡ ለግዢው የሚቀርበውን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ሰው ብዕሩን አንሥቶ «የሠራተኛ ጫማ፣ ከ40 እስከ 44 ቁጥር» ብሎ ይጽፍና ወደ ሌላው ዕቃ ያልፋል፡፡ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሠራተኛ በተባለ ጊዜ በሐሳቡ የሚመጣለት ወንድ በመሆኑ ነው፡፡

እኔም ራሴ ይህን ቀምሼዋለሁ፡፡ ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ለመስክ ሠራተኞች ውሃ የማያስገባ ጫማና የዝናብ ካፖርት በቅናሽ ይሸጥ ነበር፡፡ ስሜ በዝርዝሩ ላይ ሰፍሮ ስለነበር እንደ ደንቡ አስቀድሜ ፈርሜ ተራዬን ጠበቅሁ፡፡ የምጫማው 37 ቁጥር ነው፡፡ ተራዬ ሲደርስ ከቀረቡት ጫማዎች ሁሉ ትንሹ 40 ሆኖ ተገኘ፡፡ ዕቃውን የሚያድለው ሰው በቅንነት ለባለቤቴ እንድወስድለት መከረኝ፡፡ ምክሩን ተቀብዬ 42 ቁጥር ስጠይቅ፣ ከጎኑ የተቀመጠው መዝጋቢ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣቱ አሳየኝ፡፡ ማስታወቂያው ቅናሹ ለሠራተኛው ለራሱ መጠቀሚያ ብቻ መሆኑን፣ ከአንድ ጥንድ በላይ እንደማይሰጥና ለሌላ ሰው የሚሆን ቁጥር መውሰድ ክልክል መሆኑን የሚናገር ነበር፡፡ እንግዲህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ደንብ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ አንደኛው የሴት ቁጥር አላመጣም፣ ሁለተኛው የወንዱን ቁጥር ለሴት ይከለክላል፡፡ ባዶ እጄን ወጣሁ፡፡ ፊርማዬ ግን እዚያው ቀርቷል፤ ምናልባትም በሪፖርቱ ላይ የቅናሹ ተጠቃሚ ከሆኑት ሴት ሠራተኞች መካከል ተቆጥሬ ይሆናል፡፡

ክልከላው ያለ ምክንያት የወጣ እንዳልሆነ ይገባኛል፡፡ በቅናሽ የተገኘ ዕቃ በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ ሲቸረቸር ያልታየበት ከተማ የለም፡፡ ይሁን እንጂ ነጋዴውን የሚያግደው የጥንዱ ብዛት መወሰኑ ነው፡፡ ለአንድ ሠራተኛ አንድ ጥንድ ከተባለ ያ አንድ ጥንድ በማን እግር ላይ እንደሚውል መቆጣጠር ትርፉ ምንድን ነው? የሚጎዳውስ ማን ነው? ለምሳሌ ያህል በገበያ 2000 ብር የሚያወጣ ጫማ ለሠራተኛ በ1400 ብር ይሸጣል እንበል፡፡ ወንዱ ሠራተኛ 600 ብር ተርፎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፡፡ ከእርሱ ጋር እኩል ደመወዝ የምታገኘው እኅት ግን ከሱቅ በ2000 ብር ትገዛለች፤ ወይም ሳትገዛ ክረምቱን በኮንጎ ጫማ ትወጣለች፡፡ ቅናሹ የሚሸፈነው ከማኅበሩ መዋጮ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፡፡ የእርሷም መዋጮ የወንዱን ቅናሽ ይከፍላል ማለት ነውና፡፡

በአርባና በሠላሳ ሰባት መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ጥቂት የሚመስለው ሰው አይጠፋም፡፡ በአገራችን በብዛት በምንጠቀምበት የአውሮፓ አቆጣጠር አንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚበልጠው በሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፡፡ ስለዚህ ሦስት ቁጥር ማለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፡፡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ከፊቱ የያዘ ጫማ ተጫምቶ፣ ባሬላ ተሸክሞ በርብራብ ላይ መውጣት ምን እንደሆነ የምታውቀው የወጣችው ናት፡፡ እንግሊዞች በበኩላቸው ጫማን የሚለኩት በገብስ ፍሬ ርዝመት ነው፤ አንዱ ቁጥር የኢንች አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ ስምንት ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፡፡ አሜሪካኖች ደግሞ የወንድና የሴት ቁጥራቸው የተለያየ ነው፤ በርዝመት እኩል የሆኑ ጫማዎች የሴቷ ቁጥር ከወንዱ በአንድ ተኩል ያህል ይበልጣል፡፡ በሳልባጅ ገበያ 8 ቁጥር የሚል አይታ የገዛች እኅት ቤቷ ስትደርስ የሚሰፋት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፡፡

ርዝመቱም ብቻውን አይበቃም፡፡ የሴት እግር በጥቅሉ ሲታይ ከፊቱ ስፋት አንጻር ተረከዙ ጠበብ ያለ ነው፡፡ ስለሆነም የወንዱን ቅርፅ በትንሹ ቁጥር መሥራት ብቻ የሴት ጫማ አያደርገውም፤ ተረከዙ አሁንም ይንሸራተታል፡፡ ቱታውም እንዲሁ ነው፤ ትከሻው ሰፍቶ፣ እጅጌው ረዝሞ፣ ዳሌው ይጠብባታል፡፡ ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመባት ከተማ ስለሆነች፣ በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የተንዘላዘለ እጅጌ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለዚህ ከተማ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፡፡ ከተማችን የብስክሌት ከተማም ናትና፣ የወንድ የዝናብ ካፖርት ለብሳ ወደ ሥራ የምትነዳ ወጣት የካፖርቱ ጫፍ ከሰንሰለቱ እንዳይገባ በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው መሪ ስትይዝ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፡፡

ዕደላ ሲባል በቤተሰብ የማሰብ ልማድ ከሩቅ የመጣ ነው፡፡ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ ወዲህ በነበሩት ዓመታት፣ በቀበሌ ሱቅ ስኳሩም ሳሙናውም የሚታደለው በቤተሰብ ካርድ እንደነበር እናቶቻችን ያስታውሳሉ፡፡ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር፡፡ ይህ ድንጋጌ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በወጡት የቤተሰብ ሕጎች ተሽሮ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል ሆነዋል፡፡ የዕደላው ልማድ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ አልተለወጠም፡፡ ስኳርና ሳሙና ቁጥር የላቸውም፤ ካርዱ በማንም ስም ይውጣ፣ ስኳሩ ከማጀት ከገባ የሴቲቱም ድርሻ አብሮ ይገባል፡፡ ጫማ እንደዚያ አይደለም፡፡ የአባወራው ጫማ ለእማወራዋ አይሆንም፡፡

ነገሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፡፡ በአውሮፓና በአሜሪካ የተራራ ጫማ፣ የብርድ ጃኬትና የድንኳን አምራቾች ለተራራ መሪዎችና ለነፍስ አድን ሠራተኞች በቅናሽ የሚሸጡበት አሠራር አለ፡፡ እዚያም ለራስ መጠቀሚያ ብቻ፣ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ክልክል የሚል ግዴታ ይገባበታል፤ የሴቱን በሴት፣ የወንዱን በወንድ ብሎ የሚያግድም ይገኝበታል፡፡ እግሯ ተለቅ ያለው ሴትና እግሩ አነስ ያለው ወንድ በእንዲህ ያለው ደንብ መካከል ቀልጠው ይቀራሉ፡፡ የጠፈር ተመራማሪዎችም ሳይቀሩ ከዚህ አላመለጡም፡፡ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች ብቻቸውን ከጠፈር ጣቢያ ውጭ ወጥተው እንዲሠሩ ታቅዶ ነበር፡፡ ለሁለቱም የሚሆነው መካከለኛ መጠን ያለው የደረት ክፍል ለሥራ ተዘጋጅቶ የተገኘው አንድ ብቻ ስለነበረ አንዷ በወንድ ባልደረባዋ ተተካች፡፡ ሴቶች ብቻቸውን የወጡት በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. ነው፡፡ ጨረቃ የረገጠ ድርጅት የሴት ልክ ካጠረው፣ የእኛ ግዢ ክፍል ብቻውን ሊወቀስ አይገባም ለማለት ይቻላል፡፡ ልዩነቱ እነዚያ ነገሩን በደንብ ወደ ማሰር መሄዳቸው ነው፤ በአሜሪካ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በግንባታ ሥራ ላይ የሚሰጥ የአደጋ መከላከያ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በልኩ የሚሆን መሆን እንዳለበት ተደንግጓል፡፡

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኞች የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያዝዛል፡፡ በአንቀጽ 87 ደግሞ ሴት ሠራተኞች በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንደማይደረግባቸው ይደነግጋል፡፡ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የሥራ ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 155 የደኅንነት እርምጃ በሠራተኛው ላይ ወጪ እንዳያስከትል ይላል፡፡ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፡፡ ሥራው መከላከያ ጫማ የሚጠይቅ ከሆነ ጫማው ግዴታ እንጂ ቅናሽ የሚደረግበት ችሮታ አይደለም፤ ለ37 ቁጥር እግር 40 መስጠትም እንደ ሰጡ አያስቆጥርም፡፡ ግዴታውን በቅናሽ ሽያጭ የሚተኩ ካሉ፣ ይህ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ሊጠየቅ የሚገባው ነው፡፡ አንቀጹ የሴት ቁጥር፣ የወንድ ቁጥር ብሎ አለመለየቱን ምክንያት አድርጎ ማምለጥ አይቻልም፤ ሠራተኞች የሚለው ቃል ሁለቱንም ይይዛልና፡፡

ስለ ልክ ካነሣን ዘንድ ልጆቻቸውን ይዘው በጣና ላይ በጀልባ ለሚጓዙ እናቶችም አንድ ቃል አለን፡፡ ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ደቅ ሲኬድ የሚሰጠው የሕይወት አድን ጃኬት ብዙውን ጊዜ በትልቅ ሰው፣ ያውም በወንድ ደረት ልክ የተሠራ ነው፡፡ ሰፊ ጃኬት ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ይሾልክና ፊቱን ይሸፍነዋል፤ ወይም ጭራሹን በጭንቅላቱ ያልፋል፡፡ ጃኬቱን አልብሶና ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቆ ከትከሻው በኩል ወደ ላይ መሳብ ነው፤ አገጭና ጆሮ ካለፈ ልኩ አይደለም፡፡ ለእናቲቱም መሞከሪያው ይኸው ነው፡፡ በላዩ ላይ የተጻፈው የኪሎ መጠን ከልጁ ክብደት ጋር የሚስማማ ጃኬት እንዲሰጥ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ ነውር የለውም፡፡

ወደ ጫማው እንመለስ፡፡ ለግዢ የሚቀርበው ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚረቀቀው የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ወር ከመጀመሩ በፊት ነው፡፡ ሐምሌ ገብቶ፣ ጭቃው ጉልበት ከደረሰ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያገኘው መልስ የሚቀጥለው ዓመት ነው፡፡ ስለዚህ የሴት ሠራተኞች ተወካዮች በግንቦት ወር ላይ የእያንዳንዷን እኅት ቁጥር በስሟና በሥራ ክፍሏ ሰብስበው ለግዢ ክፍሉ ወይም ለማኅበሩ ቢያስገቡ ይበጃል፡፡ በዚያው ማመልከቻ ላይ ሁለት መስመር ማስጨመር ያስፈልጋል፤ ልኩ ያልሆነ ጫማ ቆሻሻ ሳይነካው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲለወጥ፣ ቁጥሯን ያጣች ሠራተኛም ድርሻዋን ለፈለገችው የቤተሰብ አባል እንድታውል ወይም የቅናሹን ያህል በገንዘብ እንድታገኝ፡፡

ቁጥሯን በርግጥ የማታውቅ እኅት ብትኖር አያሳፍርም፤ የጫማው ፋብሪካ በተለወጠ ቁጥር ልኩም ጥቂት ይለወጣል፡፡ መለካት የሚሻለው ማታ ከሥራ መልስ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ያብጣልና፡፡ በሥራ ላይ የሚደረገውን ካልሲ አድርጎ፣ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ተረከዝን ከግድግዳ አስጠግቶ መቆም ነው፡፡ ከዚያ ከጣቶች ሁሉ በሚረዝመው ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል፤ የሚረዝመው ሁልጊዜ አውራ ጣት ላይሆን ይችላል፡፡ ሁለቱም እግሮች ተለክተው ትልቁ ይወሰዳል፡፡ በሴንቲ ሜትር በተገኘው ላይ አንድ ተኩል ጨምሮ ውጤቱን በ1.5 ማባዛት ነው፡፡ 23 ሴንቲ ሜትር እግር 24.5 ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 36.75፣ ማለትም 37 ቁጥር ነው፡፡ ይህን ከወረቀቱ ራስጌ ላይ ከስም ጋር ጽፎ ማስቀመጥ፣ በጀርባው ደግሞ የልጆቹን እግር መለካት ይቻላል፡፡