የጦስኝ መዓዛና የነጩ ማዳበሪያ ኬሚስትሪ

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጡ ጦስኝ ከዓይን ቀድሞ በአፍንጫ ይታወቃል። ለመዓዛው ዋነኞቹ ባለቤቶች ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ሁለት ውህዶች ናቸው። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን አላቸው። የሚለያዩት በካርቦን ቀለበታቸው ላይ አንዲት የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንድ በተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው።

ጥንዷ ብትነሳስ? የሚቀረው ፓራ ሳይሚን ይባላል፤ እሱም ጦስኝ ውስጥ አለ። ጀርም የመግደል አቅሙ ግን ከሁለቱ በእጅጉ ያንሳል። ኬሚስቶች እንዲህ ያለችውን የአተሞች ቡድን ፈንክሽናል ግሩፕ ይሏታል። የካርቦኑ አጽም ብቻውን በአብዛኛው ዝምተኛ ነው፤ ጠባይ የሚሰጡት በላዩ የተተከሉት ቡድኖች ናቸው።

ናይትሮጅን ያለበትን ቡድን ሥራ ለማየት ደግሞ የዳባት ገበሬ ማሳ ላይ መቆም ይበቃል። ነጩ ማዳበሪያ፣ ዩሪያ፣ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ከ50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ ማለት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ቮለር በ1828 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ውህድ፣ ያለ ሰውና እንስሳ ሽንት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠራው። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይጀመራል። የዩሪያ ካርቦን ግራና ቀኙ ሁለት የናይትሮጅን ቡድኖችን ይዟል። አፈር ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሲሰነጥቀው አሞኒያ ይወጣል፤ ከላይ ተበትኖ የቀረ ዩሪያ ከፊሉ ወደ አየር ይበናል። ባለሙያዎች አፈር አልብሱት የሚሉት ለዚህ ነው፤ ምክሩ ለገበሬው ገንዘብም ነው።

ሌላው ጠባይ ሰጪ ክሎሪን የሃሎጅኖች ወገን ነው፤ ፍሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ዘመዶቹ ናቸው። በገብስና በስንዴ አረም ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለ ፀረ አረም ሁለት ክሎሪን አለው። የዕፅዋትን የእድገት ሆርሞን አስመስሎ ቅጠለ ሰፊውን አረም ከልክ በላይ ያሳድግና ይገድለዋል፤ ገብሱን ይምረዋል። ነፋስ ወደ ጎረቤት ባቄላ ከወሰደው ግን ምሕረት የለም። ክሎሪኖቹ ከሌሉ የሚቀረው አሲድ አረም ለመግደል እዚህ ግባ የሚባል ጉልበት የለውም።

ናይትሮጅንና ክሎሪን በአንድ ክኒን የተገናኙት ክሎሮኪን ውስጥ ነው። ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ ሠራተኞች ከሚያውቁት ወባ አንዱ ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ በኢትዮጵያ በክሎሮኪን ሲታከም ኖሯል። ክኒኑ 3 ናይትሮጅንና 1 ክሎሪን አለው። ናይትሮጅኖቹ አሲዳማ በሆነው የወባ ተውሳክ የምግብ መፍጫ ከረጢት ውስጥ ሃይድሮጅን ተሸክመው መውጫ ያጣሉ። እዚያ የተከማቸው መድኃኒት ተውሳኩ ከደም የሚያገኘውን ሂም የተባለ መርዛማ ውህድ እንዳያመክን ይከለክለዋል። ክሎሪኗ ከቦታዋ ብትነሳ ይህ የመከልከል ኃይል ይዳከማል።