መብራቱ በርቷል፤ መስመሩስ ጤነኛ ነው?

አንድ የሰፈራችን አባት ለልጃቸው ስድስት ኮምፒውተሮች ያሉት ትንሽ የጽሕፈት ቤት ከፈቱለት። ሥራው ጥቂት ወራት ደህና ከሄደ በኋላ የደንበኞች ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር ከሌሎቹ ጋር ያለው ግንኙነት በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይቋረጥ ጀመር። ልጅ «ገመዶቹን የሚያከፋፍለው ስዊች ተበላሽቷል፤ አዲስ ይገዛልኝ» ይላል። አባት ደግሞ «አረንጓዴ መብራቱ በርቶ እያየሁት ምኑ ነው የተበላሸው? አያያዙን ባታውቅበት ነው እንጂ!» ይላሉ። እኛ ጉዳዩን የሰማነው ነገሩ ከገንዘብ አልፎ የአባትና የልጅ ቅያሜ ሊሆን ሲቃረብ ነበር።

ለመሆኑ ከሁለቱ ትክክለኛው ማን ነው? ይህን ለመመለስ ከገመዱ መሰኪያ ጀርባ የተቀመጠውን አንድ ትንሽ ቺፕ ማወቅ ያስፈልጋል።

አስተርጓሚው ቺፕ

ኮምፒውተር የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ነው። በገመድ ውስጥ የሚሄደው ግን የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ ቁጥሩን ወደ ሞገድ፣ ሞገዱንም መልሶ ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ቺፕ ባለሙያዎች «ፋይ» ይሉታል። ከመሰኪያው ጋር የሚገናኘው በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ሲሆን፣ ይህም በገመዱ ከሚመጣ ያልተፈለገ ኃይል ይጠብቀዋል።

ፋይ ከዋናው ቺፕ ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መረጃው የሚተላለፍበት ነው። ሁለተኛው «ኤም ዲ ሲ» እና «ኤም ዲ አይ ኦ» የሚባሉ ሁለት መስመሮች ብቻ ያሉት መጠየቂያ ነው። የመጀመሪያው የጊዜ ምት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ጥያቄና መልስ ያመላልሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የፈጣን ኢተርኔት ደንብ መሠረት በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ እስከ 32 ፋይ ማገናኘት ይቻላል። እያንዳንዱ እንደ ቤት ቁጥር የራሱ አድራሻ አለው። በውስጡም እያንዳንዳቸው 16 ቢት የሚይዙ 32 የሬጂስተር ቦታዎች፣ ማለትም ትናንሽ መዝገቦች፣ አሉት።

ዝምታን እንደ ደህንነት አንቁጠር

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ። አድራሻው ከተሳሳተ ወይም ቺፑ ኃይል ካላገኘ መልስ የሚሰጥ የለም። መስመሩ ግን በሬዚስተር ወደ ላይ ስለተያዘ 16ቱም ቢቶች «አንድ» ሆነው ይነበባሉ። ያላስተዋለ ሰው «መስመሩ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ አስቀድሞ የቺፑ መታወቂያ የተጻፈባቸውን 2ኛና 3ኛ ሬጂስተሮች ማንበብ ብልህነት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁኔታን የሚናገረው 1ኛው ሬጂስተር ይነበባል። በውስጡ ቢት 2 መስመሩ መያዙን ይገልጻል። ይህ ቢት አንድ አስደናቂ ጠባይ አለው። መስመሩ ለቅጽበት እንኳ ቢቋረጥ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ መስመሩ ተመልሶ ቢይዝም አንድ ጠያቂ መጥቶ እስኪያነበው ድረስ ዜሮ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይነበባል፦ የመጀመሪያው ያለፈውን፣ ሁለተኛው ያሁኑን ይነግረናል። ከተነበበ በኋላ ያለፈው ስለሚጠፋ የመጀመሪያውን መልስ መመዝገብ ግድ ነው። መብራቱ ግን ያሁኑን እንጂ የትናንቱን አይናገርም!

የገመዱ ፍርድ

ወደ አባትና ልጁ እንመለስ። ዋናው ኮምፒውተር በሊኑክስ የሚሠራ ነበር። በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ቺፑን ደጋግሞ የሚጠይቀው ሲስተሙ ራሱ ነው፤ መልሱንም በራሱ መዝገብ ይጽፋል። አንድ ዘመድ መዝገቡን ከፍቶ ሲያየው መስመሩ ብዙ ጊዜ ወድቆ መነሣቱን፣ አንዳንዴም በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት በመሆን ፈንታ በ100 መነሣቱን አገኘ። «ኢትቱል» በሚባለው ፕሮግራም ያሁኑን ፍጥነት ቢጠይቅም 100 ሆኖ ተገኘ።

ይህ ምን ያመለክታል? በገመዱ ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦዎች አሉ። ለ1000 አራቱም ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ግን ሁለቱ ይበቃሉ። ብዙዎቹ ቺፖች አንድ ጥንድ ሲጎድልባቸው ወደ 100 ዝቅ ብለው ይሠራሉ። ዘመዱም ገመዱን ተከትሎ ሲሄድ በጠረጴዛ እግር ተጨፍልቆ አገኘው። ገመዱ ሲለወጥ መቆራረጡ ቀረ፤ ስዊቹ ዛሬም ይሠራል።

አንዳንድ ቺፖችማ ጉዳቱ የት እንደሆነ ጭምር ይናገራሉ። በገመዱ ላይ ምት ልከው ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካሉ። ምቱ በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ ውስጥ ደርሶ ከተመለሰ ጉዳቱ ወደ 100 ሜትር ገደማ ይርቃል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም በከፊል ልክ ነበሩ። ልጁ «ብልሽት አለ» ማለቱ፣ አባትም ስዊቹ አለመበላሸቱን መናገራቸው እውነት ነበር። የጎደላቸው የሚያውቀውን መጠየቅ ነበር። ወጣቶች ሆይ! ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቺፑን ጠይቁ። ወላጆችም ብትሆኑ በልጆቻችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት አጣሩ።