ከወረንሶ ሚሌ የተገኘው የራስ ቅል ምስክርነት

ዳኛ የምስክሩን ቃል በከፊል ብቻ ሰምቶ መዝገቡን ቢዘጋ፥ ሌላ ምስክር በመጣ ጊዜ ፍርዱን እንደ ገና መመርመር ግድ ይኾንበታል። የሰውን ዘር ጥንታዊ ታሪክ በሚመረምሩ ሊቃውንት ዘንድም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ የእነርሱ ምስክር ግን በድንጋይ መካከል የቈየ አጥንት ነው።

በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲኾን፥ ወገኗ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ይባላል። ከዚህ ወገን የሚቀድመው ደግሞ በኬንያ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ በተገኙ አጥንቶች ምክንያት በ1987 ዓ.ም. አውስትራሎፒቴከስ አናሜንሲስ ተብሎ ተሰየመ። ከዚህ ቀዳሚ ወገን የተገኘው አብዛኛው መንጋጋና ጥርስ ስለ ነበረ ፊቱ ምን እንደሚመስል አይታወቅም ነበር። ይኹን እንጂ ብዙዎቹ ሊቃውንት፥ አናሜንሲስ ጥቂት በጥቂት ተለውጦ አፋረንሲስ ኾነ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ተተካ፥ ብለው ያምኑ ነበር።

በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. በአፋር ክልል በወረንሶ ሚሌ አንድ የአገሩ ሰው የላይኛውን መንጋጋ መሬት ላይ አይቶ ለአጥኚዎቹ አስታወቀ። የጥናቱ መሪ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴም ከስፍራው ደርሰው ቢመለከቱ፥ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቀረውን የራስ ቅል አገኙት፤ ኹለቱም ክፍሎች ገጠሙ። በአካባቢው ባለው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ውስጥ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፥ ይህ ከሌሎች መለኪያዎች ጋራ ተመዝኖ የራስ ቅሉ ዕድሜ 3.8 ሚሊዮን ዓመት መኾኑ ታወቀ።

ውጤቱ በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ሲገለጥ፥ የአናሜንሲስ ፊት ወደ ፊት የወጣ፥ የአንጎሉም መጠን ከዛሬው ሰው ሲሶውን እንኳ የማይሞላ ኾኖ ታየ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር ተገለጠ። በአዋሽ ሸለቆ በበሎህዴሊ ቀደም ብሎ የተገኘ፥ 3.9 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረ የግንባር አጥንት ነበር። ይህ አጥንት ከአዲሱ የራስ ቅል ጋራ ቢነጻጸር የድንቅነሽ ወገን እንጂ የአናሜንሲስ አለመኾኑን አጥኚዎቹ ፈረዱ። እንግዲያስ ኹለቱ ወገኖች ቢያንስ 100,000 ዓመት ያህል በአንድ ዘመን ኖረዋል ማለት ነው፤ የሰው ዘር አመጣጥም ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ዛፍ እንጂ እንደ ቀጥታ ገመድ አይደለም።

ፍርድን በማስረጃ ማቃናት የሊቃውንት ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን ምስክሩ በጎርፍና በከብት ኮቴ ቢጠፋ ፍርዱ አይቃናም። ካለበት የአፈር ንብርብር ሳይመዘገብ የተነሣ አጥንትም ዕድሜውን የሚናገርለትን ዐመድ ትቶ ስለሚሄድ፥ ምስክርነቱ ይጐድላል። ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት ሕዝቡን፥ አጥንት ያየ ሰው ሳያነሣ እንዲያስታውቅ ሊያስተምሩት ይገባል፤ የወረንሶ ሚሌው ምስክር ቃሉን ሊሰጥ የቻለው አንድ የአገር ሰው አይቶ ዝም ስላላለ ነውና።