ጊታር ለሚጀምር ልጅ የመጀመሪያው ፊደል

በጎረቤታችን የሚኖር የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፥ ጊታር በተገዛለት በሦስተኛው ሳምንት ወደ እኛ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ መምህሩ ዶ ሬ ሚ ብቻ ያስደጋግመኛል፤ ዜማ የምጫወተው መቼ ነው?» ሲል አማረረ። አባቱም በበኩላቸው፥ «ገንዘባችንን ለጩኸት አወጣን፤ ይሸጥ» ብለው ቈርጠው ነበር።

እኛም ለሁለቱም የፊደልን ነገር አነሣንላቸው። ፊደል ሳይቈጥር፥ አቡጊዳ ሳይለይ፥ መልእክተ ዮሐንስን ሳይወጣ ዳዊት የሚደግም ተማሪ የለም። ባለሙያዎች ስኬል የሚሉት የድምፅ መሰላልም ለጊታር ተማሪ ፊደሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጊታር ስድስት አውታሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። በአንገቱ ላይ የተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች ደግሞ አንገቱን ቤት ቤት አድርገው ይከፍሉታል። ጣት ወደ ሆዱ አቅጣጫ አንድ ቤት ባለፈ ቍጥር ድምፁ በግማሽ፥ ሁለት ቤት ሲያልፍ በሙሉ ከፍ ይላል። የዶ መሰላል ርቀትም ሁለት ሙሉ፥ አንድ ግማሽ፥ ሦስት ሙሉ፥ አንድ ግማሽ ነው።

አውታሮቹን ከቀጭኑ፥ ቤቶቹን ከራሱ በኩል ብንቈጥር፥ ዶ በ5ኛው አውታር 3ኛ ቤት ይገኛል። ሬ 4ኛው አውታር ሳይጫን ነው፤ ሚ በዚያው በ2ኛው፥ ፋ በ3ኛው ቤት ነው። ሶል 3ኛው አውታር ሳይጫን፥ ላ በዚያው በ2ኛው ቤት ነው። ሲ 2ኛው አውታር ሳይጫን፥ ላይኛው ዶ በዚያው በ1ኛው ቤት ነው። ለ1ኛው ቤት ጠቋሚ ጣት፥ ለ2ኛው የመካከለኛው፥ ለ3ኛው የቀለበት ጣት ይመደባል።

ልጁ ይህን ሲወጣና ሲወርድ ከሰማነው በኋላ፥ «አሁን ፋንና ሲን ተዋቸው» አልነው። የቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ይህም ባለሙያዎች ሜጀር ትዝታ የሚሉት ቅኝት ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን አንዱ መሆኑ ነው። አባቱ በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፥ «ይህንማ በክራር አውቀዋለሁ» አሉ።

እርግጥ ክራር የሚቃኘው በጆሮ ሲሆን፥ የጊታር ቤቶች ግን ርቀታቸው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ተማሪው እያንዳንዱን ድምፅ በአፉም እያዜመ ይለማመድ፤ ጆሮውን ለብረቱ ብቻ አይተውለት። እነዚህ ቅኝቶችም የቅዱስ ያሬድ የዜማ ስልቶች ከሆኑት ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ ጋር እንዳይምታቱበት ወላጆች ያስረዱት።

ለልምምዱ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ሰዓት ከመድከም ይሻላል። አስቀድሞ ጊታሩ ይቃኝ፤ የግራ እጅ ጥፍር ይቈረጥ። ድምፁ ጥርት ሳይል አይፍጠን። የጣት ጫፍ መጀመሪያ ያማል፤ ቈዳው ሲጠነክር ግን ሕመሙ ይቀንሳል።

ውድ ወላጆች ሆይ፥ የፊደል ተማሪ ጩኸት ምን ያህል ጎረቤት ይረብሽ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ያን የታገሠ ቤት ዶ ሬ ሚንም ጥቂት ወራት ይታገሥ። የጎረቤታችን ጊታር አልተሸጠም፤ አሁን ማታ ማታ ልጁ መሰላሉን ሲወጣ፥ ፋና ሲ በቀሩ ጊዜ አባቱ ከጓዳ ሆነው በዝግታ ያዜሙለታል።