የደራሲ ውሎና የጓሮ ወፎች

በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ ካወጣሁና ካወረድሁ በኋላ፣ ከሁሉ ይልቅ በቅርብ የማውቀውን ነገር ላስረዳችሁ መረጥሁ። ይኸውም የአንድ ልብ ወለድ ደራሲ የዕለት ተዕለት ሥራ ምን እንደሚመስል ነው። በቅርብ ዐውቀዋለሁ ማለቴ እኔ ራሴ ደራሲ ሆኜ አይደለም። ላለፉት ሦስት ዓመታት የምኖረው ሐዋሳ ከአጎቴ ቤት ነው፤ አጎቴም ልብ ወለድ ጸሐፊ ስለ ሆኑ፣ በእጃቸው የጻፉትን ወደ ኮምፒዩተር የምገለብጥላቸው እኔ ነኝ።

የክፍል ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው «ሐሳቡ ከየት ይመጣላቸዋል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» የሚል ነው። ሁለተኛውን በሚገባ ከመለስሁ የመጀመሪያውም አብሮ የሚመለስ ይመስለኛል።

«ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በወጣ ጊዜ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። ቃሉን የሰማ ሰው ታሪኩን ልብ ብቻውን የሚወልደው ይመስለዋል። አጎቴ ግን «ልብ የሚወልደው ዓይን የመገበውን ነው» ይላሉ። ይህን አነጋገር መጀመሪያ ስሰማው የደራሲ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አጎቴ የሚተዳደሩት በመጽሐፍ አይደለም፤ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ስለዚህ የሚጽፉት ከሥራ በፊት ነው። ሌሊት በ11 ሰዓት ይነሡና ፊታቸውን ታጥበው ከጠረጴዛቸው ይቀመጣሉ፤ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስም አይነሡም። በዚያን ጊዜ ስልካቸው ተዘግቶ ከባለቤታቸው ዘንድ ይቀመጣል። የሚጽፉት በባለ መስመር ደብተር ላይ በእስክርብቶ ነው፤ የግራውን ገጽ ለእርማት ብለው ባዶ ይተዉታል። ሁለት ገጽ የጻፉበት ቀን ጥሩ ቀን ይባላል፤ ግማሽ ገጽ ብቻ ጽፈው የሚነሡበትም ቀን አለ። ቢሆንም ሰዓቱ ሳይሞላ ከወንበራቸው አይነሡም። አንድ ጊዜ «ሐሳብ ካልመጣልዎ ለምን አይተኙም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሐሳብ እንግዳ ነው፤ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ካገኘው ይመለሳል» አሉኝ።

ማታ ከሥራ ሲመለሱ ልብሳቸውን ለውጠው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ጓሮአችን ትንሽ ነው፤ አንድ ግራር፣ አንድ የአቮካዶ ዛፍና የጎመን መደብ አለው፤ ከአጥሩ ጥግም ለወፎች መጠጫ ተብሎ ውኃ የሚሞላበት ሰፊ ሳሕን ተቀምጧል። አጎቴ ከዱካቸው ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ድረስ ወፎቹን ይመለከታሉ። ነገሩን ያልለመደ ሰው ቢያያቸው ሥራ የፈቱ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ትንሽ ደብተር አላቸው፤ በዚያ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወፉን መልክና ያደረገውን ነገር ይመዘግባሉ። በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት ይገኛል፤ አጎቴ ከዚህ ውስጥ ከጓሮአቸው ሳይወጡ በሦስት ዓመት 41 ዓይነት መዝግበዋል። ዋኔና ድንቢጥ በየቀኑ ይመጣሉ። በመንቁሩ ላይ ሌላ መንቁር የተደረበበት የሚመስለው ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍ ከሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች እየጮኸ ይመጣል። ከአበባ ውስጥ ማር የምትመጥ፣ መንቁሯ እንደ መርፌ የቀጠነ ትንሽ ወፍም አለች።

እኔም ነገሩ ስለ ማረከኝ አንድ ቀን ደብተሩን ተቀብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ዛሬ አንዲት ቡናማ ወፍ በአጥሩ ላይ ሆና በጣም ደስ ብሏት ስትዘምር ነበር።» አጎቴ አነበቡትና «ደስ እንዳላት በምን ዐወቅህ?» አሉኝ። «ትዘምር ነበራ» አልሁ። «እኮ ምን አየህ?» ቢሉኝ፣ መንቁሯን ከፍታ ስትጮኽ ከማየቴ በቀር ሌላ የምናገረው አጣሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ተቀምጬ ጠበቅኋት። ወፊቱ የምትጮኸው የጎረቤታችን ድመት በአጥሩ ሥር በሚያልፍበት ጊዜ ነበር፤ ድመቱ ሲሄድ ዝም ትላለች። እኔ ደስታ ያልሁት ለካ ፍርሃት ኖሯል። የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት በዚህ ነው። ሐሳብ የሚመጣው ያዩትን ነገር በትክክል ከማየት ነው፤ የማያይ ሰው ግን ከሌላ ሰው የሰማውን «ወፎች ዘመሩ፣ አበቦች ፈኩ» እያለ ይደግማል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልምጣ፤ እርሱም እርማት ነው። ብዙ ሰው ደራሲ ማለት የሚጽፍ ሰው ነው ብሎ ያስባል። እኔ በዓይኔ እንዳየሁት ግን ደራሲ ማለት ይልቁንም የጻፈውን መልሶ የሚጽፍ ሰው ነው። የአጎቴ አዲሱ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲያልቅ 412 ገጽ ነበር። ወዲያው ማረም አልጀመሩም፤ ከሣጥን አስገብተው ሁለት ወር ቆለፉበት። «ትኩስ ጽሑፍ ጌታውን ያታልላል» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ እርማቱ በሦስት ዙር ይካሄዳል። በመጀመሪያው ዙር የሚመረመረው ታሪኩ ብቻ ነው፦ የትኛው ምዕራፍ ይቅደም? የትኛው ሰው ያለ ሥራ ገብቷል? በሁለተኛው ዙር ዐረፍተ ነገሩ ይታያል። በዚህ ጊዜ አጎቴ ማታ ማታ ለባለቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል። ባለቤታቸው ነቀፋ አያወጡም፤ ነገር ግን ንባቡ ሲሰለቻቸው ተነሥተው ጀበናውን ያያሉ። አጎቴም ጀበናው በታየበት ስፍራ በቀይ እስክርብቶ ምልክት ያደርጋሉ። ንግግርም የሚፈተነው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ገበሬው እንደ ገበሬ፣ ዳኛው እንደ ዳኛ፣ ልጅም አባቱን እንደሚያከብር ልጅ መናገሩ የሚታወቀው ጆሮ ሲሰማው ነው። በሦስተኛው ዙር ፊደል ይታረማል፤ ሀሌታው «ሀ» ከሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡ «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» እንዳይቀላቀል ይጠነቀቃሉ። በመጨረሻ 412 የነበረው ገጽ 287 ሆነ።

ከወጡት ገጾች መካከል ግን 14ቱ እኔን በጣም አሳዘኑኝ። አባቴ የአጎቴ ታላቅ ወንድም ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ሲሆን፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዐረፈ። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሹፌር አለ፤ ስለ እርሱ የተጻፈውን ምዕራፍ ስገለብጥ አባቴ መሆኑን ወዲያው ዐወቅሁ። ሹፌሩ ለድኃ የሚራራ፣ ቍጣ የማያውቅ፣ ሲስቅ መንደሩን የሚያስደስት ሰው ነበር። ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ለእናቴም በስልክ አነበብሁላት። በመጀመሪያው ዙር እርማት ግን አጎቴ 14ቱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። እኔም አኰረፍሁ፤ ሁለት ቀንም ወደ ጓሮ ሳልወጣ ቀረሁ።

ወቅቱ ክረምት ነበር። በሦስተኛው ቀን ብወጣ፣ በግራሩ ላይ ጥቁር ፊት ያላቸው ቢጫ ወፎች ጎጆ በመሥራት ላይ ነበሩ። እነዚህ ወፎች ሣሩን እንደ ሸማኔ እያጠላለፉ ይሠራሉ። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። መጀመሪያ እርጥብ ሣር በረዥሙ ሰንጥቆ እንደ ቀለበት ያለ ነገር ይሠራል፤ ከቀለበቱ ላይ ቆሞም እንቁላል የሚጣልበትን ክፍል፣ ቀጥሎም በሥር በኩል መግቢያውን ይሠራል። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፎቹን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። ሴቷ ትገባና ውስጡን ትመረምራለች፤ ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ አምጥታ ታነጥፋለች፤ ካልወደደችው ጥላው ትሄዳለች። ጎጆው ሳይወደድ ቀናት አልፈው የሣሩ አረንጓዴ መልክ ከደረቀ፣ ወንዱ ራሱ እያንዳንዱን ክር መዞ ያፈርሰውና በዚያው ቅርንጫፍ ላይ በእርጥብ ሣር አዲስ ይሠራል። ይህን ወፍ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የወጣቱ ወፍ የመጀመሪያ ጎጆ የተወለጋገደ ነው፤ እየሠራና እየተለማመደ ሲሄድ ግን ሽመናው ይስተካከላል።

አንዱ ወፍ የሠራውን ሲያፈርስ እያየሁ ሳለ አጎቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ይህም እንደ እርስዎ ነው» አልኋቸው ኩርፊያዬ ሳይለቀኝ። እርሳቸውም ሣቁና «እርሱ የሚያፈርሰው ሚስት አጥቶ ነው፤ እኔ ግን ሚስት እያለችኝ ነው» አሉ። ከዚያም ዝግ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያ ምዕራፍ አባትህ አልነበረም። ወንድሜን ስለምወደው መልአክ አድርጌ ጻፍሁት። አንተ ወፊቱን ደስ አላት እንዳልኸው፣ እኔም የተመኘሁትን እንጂ ያየሁትን አልጻፍሁም። እስቲ አንተ የምታስታውሰውን አንድ ነገር ንገረኝ።»

እኔም ብዙ አሰብሁ። በመጨረሻ የነገርኋቸው መልካም ነገር አልነበረም። የጋዝ መግዣ ገንዘብ ጥዬ በመጣሁበት ማታ አባቴ ክፉኛ ተቈጥቶ ሳያናግረኝ አደረ። ሲነጋ ግን ቀስቅሶኝ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ባልዲ አስይዞኝ መኪናውን አብረን አጠብን። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግራሩ መልሰው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

ከአንድ ወር በኋላ ሁለት ገጽ እንድገለብጥ ሰጡኝ። በሁለቱ ገጾች ውስጥ ሹፌሩ ይቈጣል፤ ሲነጋም ከልጁ ጋር መኪና ያጥባል፤ ሌላ ነገር የለም። ይህንም ለእናቴ በስልክ አነበብሁላት። የመጀመሪያውን ሳነብላት «ደግ አድርገው ጽፈዋል» ብላኝ ነበር። የሁለተኛውን ስትሰማ ግን እየሣቀችም እያለቀሰችም «እርሱ ነው! ራሱ ነው!» አለች።

በሩቅ አገር ያሉ ደራስያንም ኑሮአቸው ከዚህ ብዙ አይለይም። በአሜሪካ በጆርጂያ የኖረችው ፍላነሪ ኦኮነር (እ.ኤ.አ. 1925–1964) ሁለት ረጃጅም ልብ ወለዶችና ብዙ አጫጭር ታሪኮች ጽፋለች። አባቷን የገደለው ሕመም እርሷንም ስለ ያዛት ከእናቷ ጋር በእርሻ ቤት ተቀመጠች፤ ጠዋት ጠዋት ትጽፋለች፣ ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የምታረባቸውን ጣዎሶች ትጠብቃለች። ስለ ጣዎሶቹም አንድ የታወቀ ጽሑፍ አላት። እ.ኤ.አ. በ1946 የታተመላትን የመጀመሪያ ታሪኳን መልሳ ጻፈችው፤ በ39 ዓመቷ ልትሞት ጥቂት ሲቀራት የሠራችውም ይህንኑ ታሪክ እንደ አዲስ መጻፍ ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ እንኳ ያ ጎጆ አልበቃትም ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ መምህራችን ድርሰታችንን በቀይ ቀለም አሰማምረው ሲመልሱልን የምናዝን ብዙዎች ነን፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ግን የተመለሰልኝን ድርሰት ቀድጄ አልጥለውም፤ ጥቂት ቀን አሳድሬ «ይህን በእውነት አይቼዋለሁን?» እያልሁ መልሼ እጽፈዋለሁ። ወላጆችም ልጃችሁ ከጓሮ ተቀምጦ ወደ ዛፍ ሲያንጋጥጥ ብታዩት ሥራ ፈት ነው ብላችሁ ቶሎ አትቈጡት፤ ደብተር መያዙን ብቻ ተመልከቱ።

ይህን ጽሑፍም መልሼ የጻፍሁት አራት ጊዜ ነው። አጎቴ ካነበቡት በኋላ በስድስት ስፍራ ቀይ ምልክት አድርገውበታል፤ ባለቤታቸው ግን ጀበናውን ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።