ግሸን ላይ ሆኖ የግእዝ ጉባኤ መግባት

ግእዝ ለመማር ድሮ ከቤት መውጣት ግድ ነበር። ቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ መምህር ፍለጋ ከዋድላ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ጎንጅ ይዞራል፤ ለምኖ ይበላል፣ ጎጆ ቀልሶ ያድራል። ያ መንገድ ዛሬም አለ። ከጎኑ ግን ሌላ በር ተከፍቷል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከቤይሩትና ከዋሽንግተን የሚገቡ ሰዎች ማታ በስልካቸው ተገናኝተው ከአንድ መምህር ዘንድ ግስ ይማራሉ። ከእነርሱ አንዷ እኔ ነኝ፤ የምገባውም ከግሸን ነው።

የቄስ ልጅ ነኝ። ወንድሞቼ ከመሪጌታ ዘንድ ዳዊት ሲደግሙ እኔ ከአጥሩ ውጭ ሥራዬን እየሠራሁ እሰማ ነበር። ብዙውን መዝሙር በጆሮዬ ይዤዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን የሚነግረኝ አልነበረም። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት መግባቷ በእኛ ሰፈር አልተለመደም። ዐይናቸው ሳያይ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ ሴት ሊቅ እንደነበሩ የሰማሁት አድጌ፣ የአማርኛ መምህርት ከሆንሁ በኋላ ነው። የኦንላይኑ ጉባኤ ሲከፈት ያለማመንታት የተመዘገብሁት ያንን የአጥር ዳር ጥያቄ ይዤ ነው።

የግሸን ልጅ ግእዝ ምን ያደርግለታል?

ግሸን በአምባሰል ወረዳ የሚገኝ መስቀል የመሰለ አምባ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከአራቱም ማዕዘን ይወጡበታል። ግማደ መስቀሉን ወደዚህ ያመጡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሆናቸውን መጽሐፈ ጤፉት ይናገራል። መጽሐፉ የተጻፈው በግእዝ ነው።

አምባው መስቀሉ ከመምጣቱ በፊትም በኋላም የንጉሣውያን ልጆች የሚጠበቁበት ስፍራ ነበር። ዙፋኑን እንዳይሻሙ ወንዶቹ ዘመዳሞች እዚህ ይኖሩ ነበር፤ አንዱ ሲፈለግ ወርዶ ይነግሣል። ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434፣ ናዖድ ደግሞ በ1494 የነገሡት ከዚሁ አምባ ወርደው ነው። ዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ የግእዝ ድርሰቶች ባለቤት ናቸው፤ ናዖድም በመልክአ ማርያም ደራሲነት ይታወሳሉ። እንግዲህ ግእዝ የማያነብ የግሸን ልጅ የገዛ አገሩን ታሪክ ሌላ ሰው ሲተርክለት ብቻ ይሰማል። እኔን ያስቆጨኝ ይህ ነው።

ለምን ብቻን ሳይሆን በጉባኤ?

መጽሐፍ ገዝቶ ብቻን ማጥናት የሚቻል ይመስላል። ግእዝ ግን በብቸኝነት አይገፋም፤ ምክንያቱም ጽሕፈቱ ሁሉን አያሳይም። «ቀተለ» ሲነበብ መካከሉ ይላላል፤ «ቀደሰ» ሲነበብ ደግሞ ይጠብቃል። ፊደሉ ላይ ይህን የሚነግር ምልክት የለም። ንባቡም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ተብሎ በአራት ይለያል፤ የትኛው ቃል የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከመምህር አፍ ተቀብሎ፣ ብሎ አሰምቶ፣ ሲሳሳቱ ታርሞ ነው። ለዚህም ነው የድሮዎቹ ሊቃውንት ትምህርትን ከጉባኤ ለይተው ያላዩት።

በሌላ በኩል ደግሞ ጆሮ የማይለየው ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪ ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ድምፅ ይላቸዋል። በግእዝ ግን «መሀረ» አስተማረ ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ ነው። «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ሲሆን «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት ያገለግላል። በድምፅ ብቻ የሚማር ሰው እነዚህን ያደባልቃል። የእኛ መምህር ቃሉን እየተናገሩ ወዲያው በጽሑፍ መስኮቱ ይለጥፉታል፤ ድምፁና ፊደሉ አብረው ይገባሉ። በጎጆ ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ ስልኩ የሚያመቸው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ማታ

ትምህርቱ ማታ ሦስት ሰዓት ይጀምራል። ዋሽንግተን ያሉት ጋሼ የምሳ ሰዓታቸው ላይ ናቸው፤ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው እኅታችን አሠሪዎቿ እስኪተኙ ትጠብቃለች፤ ካልቻለች ትምህርቱን ሌሊት አዳምጣ የራሷን በድምፅ መልእክት ትልካለች። ከሐይቅ ከተማ የሚገባ ሙስሊም የታሪክ ተማሪም አለ፤ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ያለ አስተርጓሚ ማንበብ ይፈልጋል። ቁጥራችን ከአሥራ አምስት እንዳይበልጥ የኔታ ቆርጠው ወስነዋል።

የኔታ መጀመሪያ ያለፈውን ይጠይቃሉ። «ቀተለ» ብለው ስም ይጠራሉ። የተጠራው ማይኩን ከፍቶ ያወርዳል፦ «ቀተለ፣ ገደለ፤ ይቀትል፣ ይገድላል፤ ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል፣ ይግደል።» ቀዳማይ፣ ካልዓይ፣ ሣልሳይና ትእዛዝ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከዚያ በዐሥሩ መራሕያን፣ ማለትም ከ«ውእቱ» እስከ «ንሕነ» ባሉት ተውላጠ ስሞች፣ እያንዳንዱን ያረባዋል። ሊቃውንቱ የግእዝን ግስ በስምንት አርእስት ከፍለው ስለሚያስተምሩ፣ አንዱን ርእስ አጥብቆ የያዘ ተማሪ በእርሱ የሚሄዱትን ሁሉ ያረባል። መጀመሪያ ላይ አታካች የሆነው ልምምድ ፍሬው የሚታየው በኋላ ነው፦ ዳዊት ሲነበብ ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ ማን ለማን እንደተናገረ ይገለጣል።

ቅኔ ቤት ተማሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ ያስተጋባል። በስልክ ይህ አልሆነልንም፤ የአንዱ ድምፅ ለሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስ አብሮ ማለት ጫጫታ ይሆናል። የኔታ መላ አገኙለት። አንድ ሰው ማይክ ከፍቶ ይመራል፤ ሌሎቻችን ማይካችንን ዘግተን በየቤታችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንከተላለን። «ዝም ያለ ሰው እንዳይኖር፤ እኔ ባልሰማችሁም ግድግዳችሁ ይስማችሁ» ይላሉ። እኔ ግስ ሳወርድ እናቴ ከጎኔ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች፤ አሁን አሁን ስሳሳት እርሷም ታውቅብኛለች።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የብራና ገጽ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ በየተራ እናነባለን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ንብረት የሆነው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ነው። ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ ይመደባል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ ፎቶው ተነሥቶ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት 1832 ቁጥር ተሰጥቶታል። በዚያ የተሰበሰቡትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ለበርካታ ዓመታት እያነበቡ ዝርዝራቸውን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሐይቅ ለእኛ ጎረቤት ነው። የጎረቤታችንን መጽሐፍ ለማንበብ ግን የሚያስፈልገን መኪና ብቻ እንዳልሆነ እነዚህ ማታዎች አሳይተውኛል።

የወሎው መምህርና ጀርመናዊው ተማሪ

ግእዝን ከሩቅ መማር ከእኛ አልተጀመረም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ አገራቸው የያኔዋ አማራ፣ የዛሬው ደቡብ ወሎ ነው። በ1652 ወደ ጀርመን፣ ጎታ ወደሚባለው ከተማ ተጋብዘው ሄዱ፤ በዚያም ሉዶልፍን ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። ከተለያዩም በኋላ ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ በግእዝ ደብዳቤ እየተጻጻፉ ተማሪው ይጠይቃል፣ መምህሩ ይመልሳሉ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በሜዲትራኒያን ባሕር መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድ ቀን ሳይረግጥ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 አሳተመ። ይህ ሁሉ የተጻፈው በዘመኑ የአውሮፓ የትምህርት ቋንቋ በነበረው በላቲን ነው።

ከሉዶልፍ በኋላ የመጣው አውጉስት ዲልማንም በ1865 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነው። ዛሬ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጥረት ኢንተርኔት ላይ ስለተጫነ ማንም በነፃ ይገልጠዋል። ጀርመን የምትኖረው የጉባኤያችን ልጅ እርሱን ለማንበብ ብላ ላቲንን በሌላ የኦንላይን ቡድን መማር ጀምራለች። ላቲንም እንደ ግእዝ በአፍ መፍቻነቱ የቀረ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመጻሕፍት የኖረ ቋንቋ ነው፤ ተማሪዎቹም እንደ እኛው ተራ በተራ እያነበቡ ይተራረማሉ። እነርሱ የሚቀድሙን በአንድ ነገር ነው። ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ኧርበርግ በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ላቲንን በራሱ በላቲን፣ ከቀላል ወደ ከባድ እየመራ ያስተምራል። ለግእዝ ጀማሪ እንዲህ ደረጃ በደረጃ የተሰናዳ የንባብ መጽሐፍ ቢዘጋጅልን ምንኛ በጠቀመን!

እኛ ጋ ያለው ትልቁ ሀብት በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ነው። አለቃ ሥራውን ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ተረክበው ደከሙበት፤ እርሳቸው ካረፉም በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው መጽሐፍ ነው። ጉባኤ ማለትም ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ የያዘውን ለሌላው የሚያስረክብበት።

ስልኩ የማይተካው

ሁሉ ነገር በስልክ ይሆናል አልልም። ግስና ንባብ ይሆናል፤ መጻሕፍት ማንበብም ይሆናል። ቅኔ ግን ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ቆጥሮ፣ ማታ ለመምህሩ ነግሮ፣ ሰሙና ወርቁ ተመርምሮለት የሚያድግበት ሙያ ነው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት አይበቃውም። የኔታም አይደብቁንም፦ «ቅኔ የፈለገ አኮፋዳውን ያዘጋጅ» ይሉናል።

መስመርም ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ጉባኤ መግባት አልቻልሁም። ያን ጊዜ በቃሌ የያዝሁት ሁሉ ከእኔ ጋር ቀረ፤ ያልያዝሁት ግን፣ በስልኬ ያስቀመጥሁት ጽሑፍ እንኳ፣ አልጠቀመኝም። የኔታ መስመር በተገኘ ቁጥር ደውለው ግስ ይጠይቁኝ ነበር። በቃል ማጥናት ያለፈበት ዘዴ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ያንን ጊዜ እነግረዋለሁ።

መጀመር ለሚፈልግ

የግእዝ ትምህርት ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም በ2017 እ.ኤ.አ. ማስተማር ጀምሯል፤ ዘ ዊኬንድ በሚል ስም የሚታወቀው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ ለዚያ 50,000 ዶላር ሰጥቷል። ዩኒቨርሲቲ መግባት ለማይችለው ግን የስልክ ጉባኤው ቅርብ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መምህሩ ግስና ቅኔ የት፣ ከማን ተማሩ? በእያንዳንዱ ትምህርት የእያንዳንዱን ተማሪ ድምፅ ይሰማሉ? ካልሰሙ፣ ቪዲዮ እንደማየት ነው፤ ብዙ አትራመዱም። ደግሞስ የተማራችሁትን የምታነቡበት ጽሑፍ ከመጀመሪያው ይሰጧችኋል? ዳዊት ለዚህ ይበቃል፤ ብዙዎቻችን በጆሮ ስለምናውቀው መነሻው ቀላል ነው። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማለት ነው። ከሳምንት የአንድ ቀን ጥድፊያ የዕለት ሩብ ሰዓት ይበልጣል።

በክፍያውም አትከራከሩ። በስልክ የሚያስተምሩን የኔታ ሊቅ የሆኑት እንጀራ እየለመኑ በቅኔ ቤት በቆዩባቸው ዓመታት ነው። እነዚያ ቤቶች ከተዘጉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በስልክ የሚያስተምር ሰው አይገኝም። ስለዚህ ጉባኤያችን ከወርኃዊው ክፍያ ላይ ከፍሎ በወሎ ላለ አንድ የአብነት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ቀለብ ይልካል። እያንዳንዱ የኦንላይን ጉባኤ እንዲሁ አንድ አንድ የአብነት ትምህርት ቤት ቢይዝ፣ እኛ በቤታችን ተቀምጠን የምንማረው ትምህርት ነገም አስተማሪ ይኖረዋል። ለመመዝገብ ስትደውሉ ይህንንም አንሡ፤ ጉባኤው ገና ካልጀመረው እናንተ አስጀምሩት።