ለክትባቱ ማን ይክፈል?

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በይፋ ሲነገር ቀድሞ የተናወጠው ገበያው ነበር። ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወዲያው ዋጋቸው አልቀመስ አለ። ጭምብልና አልኮል ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፉ። መንግሥትም ዋጋ ያናሩ ሱቆችን ወደ ማሸግ ገባ። ነጭ ሽንኩርት ቫይረሱን እንደሚከላከል ያረጋገጠ ማንም አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን የተባለውን ከፍሎ ገዛ።

ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የኮሮና ክትባት መሰጠት ተጀመረ። በሕንዱ ሴረም ተቋም የተመረተው 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ አስትራዜኔካ ቦሌ የደረሰው ከስድስት ቀን በፊት፣ የካቲት 28 ነበር። ክትባቱ በምርምር የተፈተነ ነው፤ ተከታቢው ደግሞ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም ነበር። ያም ሆኖ ለሎሚ እጥፍ ከከፈለው ሕዝብ ብዙው፣ ያለ ክፍያ ለመጣው ክትባት ክንዱን ለመስጠት አመነታ።

በወረርሽኙ ዘመን የጤና ኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በተለያዩ የአገሪቱ ከተሞች አንድ ጥያቄ ይዘው ሲዞሩ ነበር፤ ክትባቱ በገንዘብ ቢሆን ስንት ይከፍላሉ? ጥያቄው ከኮሮና ጋር አላለፈም። የውጭ እርዳታ እየሳሳ በሄደበት በዚህ ጊዜ፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ የክትባቱ ሒሳብ በማን ላይ ሊወድቅ ነው የሚለው ጉዳይ ከፊታችን ተደቅኗል። መልሱን ለመፈለግ ደግሞ ከመሀል አዲስ አበባ ይልቅ ዙሪያዋን ማየት ይበጃል፤ ፉሪን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን።

“አይ፣ አልከፍልም” ሲባል

ጥናቱ የሚካሄደው እንዲህ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ባጁን አንጠልጥሎ በር ያንኳኳል። ስለ ክትባቱ ጥቂት ካብራራ በኋላ ዋጋ ይጠራል። ለምሳሌ “200 ብር ቢሆን ይከፍላሉ?” ይላል። መልሱ “አዎ” ከሆነ ወደ 400 ከፍ ያደርጋል፤ “አይ” ከሆነ ወደ 100 ዝቅ ይላል። ከብዙ ቤት የተሰበሰበው መልስ ተደምሮና ተሰልቶ፣ ኅብረተሰቡ ለክትባቱ የሚሰጠው ዋጋ ይህን ያህል ነው ይባላል።

ዘዴው በዓለም የታወቀ ነው፤ ጥቅምም አለው። ነገር ግን አንዱ “አይ” ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰው ይናገረዋል። አንደኛው ክትባቱን ይፈልጋል፣ ብሩ ግን የለውም። ሁለተኛው ብሩ አለው፣ ክትባቱን ግን አያምነውም። ሦስተኛው ሁለቱም አሉት፤ ሆኖም ክትባት ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው ብሎ ስለሚያምን አልከፍልም ይላል። ሦስቱን በአንድ ቋት ጨምሮ “ሕዝቡ ለመክፈል ፈቃደኛ አይደለም” ማለት ስህተት ነው፤ አንዱ ድጎማ፣ ሌላው ማብራሪያ፣ ሌላው ደግሞ የመብት መልስ ይፈልጋልና።

“አዎ” የሚለውም ቢሆን መመርመር አለበት። በእኛ አገር እንግዳ ሆኖ ከደጅ የቆመን፣ ያውም የተማረና ወረቀት የያዘን ሰው፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ የሚያስብለው “እከፍላለሁ” እና ከመቀነት ተፈትቶ የሚከፈለው ብር ለየቅል ናቸው።

ከደመወዝ የሚበልጥ ክትባት

እስቲ ሒሳቡን በፉሪ ነዋሪ ዓይን እንየው። ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ የጅቡቲ ባቡር መናኸሪያ ከሆነው ለቡ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። የመሀል ከተማው የቤት ኪራይ የገፋቸው ብዙዎች ያረፉት እዚህ ነው። ጎረቤቱ ሰበታ ከሜታ አቦ ቢራ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ነው። ቡራዩ የገፈርሳን ግድብ፣ ሱሉልታ የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎቹን ይዘዋል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት አራቱም ክፍለ ከተማ ሆነው ተጠቃለሉ። የሚያኖራቸው የፈረቃ ሥራ፣ የቀን ሥራና ጉልት ነው።

ለድሃ አገሮች የቀረበው የሴረም ተቋም አስትራዜኔካ ዋጋው በዶዝ ከ3 ዶላር እንዳይበልጥ ስምምነት ነበር። ክትባቱ በገባበት ሰሞን የባንክ ምንዛሪው ወደ 40 ብር ገደማ ስለነበር አንዱ ዶዝ 120 ብር፣ ሁለቱ 240 ብር ማለት ነው። ማጓጓዣው፣ ማቀዝቀዣውና የባለሙያው አበል ሳይታሰብ፣ አምስት አዋቂ ያሉበት ቤት 1 ሺህ 200 ብር ይጠየቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1 ሺህ 100 ብር ነበር። ለግሉ ዘርፍ ደግሞ በሕግ የተቀመጠ የደመወዝ ወለል የለም። በዓለም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ክትባት፣ ለአንድ ቤተሰብ ከወር ደመወዝ በላይ ይሆን ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያዊ ለጤናው አይከፍልም ማለት ግን አይደለም። ከአገሪቱ የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል። ሄፓታይተስ ቢን መከላከል የሚሻ አዋቂ በየግል ክሊኒኩ ከፍሎ ይከተባል። ችግሩ ወረርሽኝ የግል ጉዳይ አለመሆኑ ላይ ነው። ከሰበታ ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የተከተበውና ያልተከተበው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ድሃው ባለመክፈሉ ሳይከተብ ከቀረ፣ ከፍሎ የተከተበው ባለጸጋም ከበሽታው ሥጋት አልወጣም።

ነጻው ክትባት ያስከፈለው

ነጻ የተባለው ክትባትም ቢሆን ተከታቢውን ያስከፈለው ነገር ነበር። አንዱ የአስትራዜኔካ ብልቃጥ ለአሥር ሰው የሚሆን ነው። አንዴ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ ባለሙያዋ ለሁለትና ለሦስት ሰው ብልቃጥ ከከፈተች የሌላ ሰው ዕድል ልታባክን ነው፤ አሥር እስኪሞላ ካስጠበቀች ደግሞ የቀን ሠራተኛው ሰልፉን ጥሎ ይሄዳል። የዚያን ቀን ካልሠራ ማታ እንጀራ የለም። ከሳምንታት በኋላ ለሁለተኛው ዶዝ እንደገና መምጣት አለበት። ሲከተብ ትኩሳትና ድካም ቢይዘው ሌላ ቀን ይከስራል። የትራንስፖርቱን፣ የቀን ገቢውንና የሕመሙን ቀን ደምሩት፤ ነጻው ክትባት ለእርሱ ነጻ አልነበረም።

በዚያ ላይ ወሬው አለ። ክትባቱ እዚህ ከተጀመረ ከሁለት ቀን በኋላ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከደም መርጋት ጋር በተያያዘ ሥጋት የአስትራዜኔካን ክትባት ለጊዜው አቆሙ። ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ቢጀምሩም፣ መቆሙን የሰማው ሁሉ መቀጠሉን አልሰማም። ክትባቱ የአውሬው ምልክት ነው የሚለው የ666 ወሬም ተናፈሰ። ይህን ክፍተት የሚሞላው ገንዘብ ሳይሆን ነዋሪው የሚያውቀው ሰው ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የነፍስ አባቱ፣ የመስጊዱ ኢማም።

ክትባቱ ወደ ሰዉ ሲቀርብ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሁሉ አገር አቀፍ ዘመቻ ሲከፈት፣ በየካቲትም ሲደገም፣ የተከታቢው ቁጥር በሚሊዮኖች አሻቀበ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። የተለወጠው የክትባቱ ቅርበትና አቅርቦት ነበር።

ገበያ ላይ ያዋሉት

ክትባቱን በከፊል ለገበያ የለቀቁ አገሮች ነበሩ። ኬንያ ውስጥ የግል አስመጪዎች በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የሩሲያውን ስፑትኒክ ቪ አስገብተው ናይሮቢ ውስጥ መሸጥ ጀምረው ነበር። መንግሥት ሐሰተኛ ክትባት ይገባል በሚል ሥጋት በቀናት ውስጥ ፈቃዱን ሰረዘ። ሕንድ በመንግሥት ሆስፒታል በነጻ፣ በግል ሆስፒታል በ250 ሩፒ ጀመረች። ኋላም ከምርቱ 25 በመቶውን ለግሉ ዘርፍ ብትመድብ፣ የግል ሆስፒታሎቹ ድርሻቸውን ወስደው መጨረስ አቃታቸው። ከፋዩ እንደተገመተው አልበዛም።

የኢትዮጵያ መንገድ የተለየ ነው፤ ሥርም አለው። ፈንጣጣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ከአገራችን የጠፋው ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ገጠር ለገጠር ዞረው ነው፤ ቤት ለቤት ዋጋ የጠየቀ አልነበረም። የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ክትባት ከክፍያ ነጻ ከሆኑት አገልግሎቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ “ነጻ” ግን ከፋይ ነበረው፤ ከፋዩም በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበር። የኮሮናው ክትባት መጀመሪያ የመጣው ኮቫክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት መርሐ ግብር ለ92 አገሮች ባዘጋጀው ድጋፍ ነው። ሕንድ የራሷ ወረርሽኝ ሲበረታባት ወደ ውጭ መላኩን ገታች፤ እዚህ የመጀመሪያውን ዶዝ የወሰዱ ለሁለተኛው ጠበቁ። ያን ጊዜ ኪሱ ሙሉ የሆነ ሰው እንኳ የሚገዛው አልነበረም። ኮቫክስ በ2016 ዓ.ም. ተዘግቷል። ለመደበኛው ክትባት ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ትብብር ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን አገሮች በዶዝ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ያስከፍላል፤ ነገር ግን አሜሪካ ለጋቪ የምትሰጠውን ገንዘብ እንደምታቆም በ2017 ዓ.ም. አስታውቃለች።

ፍርዱ

ወረርሽኙ በኢትዮጵያ 500 ሺህ ያህል ሰው ማጥቃቱና ከ7 ሺህ 500 በላይ መግደሉ ተመዝግቧል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለፉሪና ለሰበታ ነዋሪ “ስንት ትከፍላለህ?” ብሎ መጠየቅ ለጥናት ይጠቅማል፤ ዋጋ ለመተመን ግን አይሆንም። ነዋሪው በታክስ፣ በቀረበት የቀን ገቢና በሰልፉ ቀድሞ ከፍሏል።

ጥያቄው መቅረብ ያለበት በጀት ለሚያጸድቁት ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተዋል። ያ ቃል ይከበር። ለወረርሽኝ ጊዜ ክትባት የሚሆን፣ ለሌላ የማይነካ መጠባበቂያ ገንዘብ በሰላሙ ጊዜ ይቀመጥ። ከታቢው በፈረቃ መውጫ ሰዓት ወደ ፋብሪካው በር፣ በእሁድ ወደ ሰፈሩ ይሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወረርሽኝ ሲመጣ ብቻ የምትታወስ አትሁን። ለክትባቱ መንግሥት ይክፈል፤ ነዋሪው ክንዱን ይስጥ።